በሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች ውስጥ ያሉ ደብዛዛ የኤክስ ጨረር ምንጮች፦ አለያየታቸውና ትርጉማቸው

አኅጽሮተ ጥናት

ሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች በጋላክሲያችን ካሉት ከዋክብት እጅግ ጥቂቱን ብቻ የያዙ ቢሆኑም በኤክስ ጨረር ሲታዩ ከድርሻቸው በላይ የደመቁ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ብሩህነታቸው በሰከንድ ከ10³⁴ ኧርግ በታች የሆኑ፣ በተለምዶ «ደብዛዛ» የሚባሉ ምንጮች እንዴት እንደተገኙ፣ በምን ስልት ከወገን ወገን እንደሚለዩና ስለ ክምችቶቹ ውስጣዊ ኑሮ ምን እንደሚናገሩ ይመረምራል። በተለይ 47 ቱካኔ የተባለውን ክምችት እንደ ማሳያ በመውሰድ፣ ከጥቂት ፎቶኖች ተነሥቶ የአንድን ምንጭ ማንነት መወሰን ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ በቀላል ስሌት ያሳያል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ በኤክስ ጨረር ብቻ የሚደረግ ምደባ ጊዜያዊ ስያሜ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም የሚል ነው። የምንጮችን ቁጥር ቆጥሮ ስለ ክምችቶች ታሪክ መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ማንኛውም ጥናት ይህንን ከግምት ማስገባት ይኖርበታል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሉላዊ ክምችት፣ የኤክስ ጨረር፣ ጥንድ ከዋክብት፣ ኒውትሮን ኮከብ፣ ነጭ ድንክ፣ 47 ቱካኔ

1. መግቢያ

ሉላዊ የከዋክብት ክምችት ማለት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከዋክብት በእርስ በርስ ስበት ተሳስረው፣ ክብ ቅርጽ ይዘው በአንድነት የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። በጋላክሲያችን ዙሪያ ከ150 በላይ እንዲህ ያሉ ክምችቶች ይታወቃሉ። አብዛኞቹ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው በመሆናቸው፣ ከፀሐይ የከበዱት ከዋክብቶቻቸው ነዳጃቸውን ጨርሰው ወደ ነጭ ድንክ፣ ወደ ኒውትሮን ኮከብ ወይም ወደ ጥቁር ጉድጓድ ከተለወጡ ቆይተዋል።

ክምችቶቹን ከሌላው የጋላክሲ ክፍል የሚለያቸው ዋናው ነገር የእምብርታቸው ጥግግት ነው። ለፀሐይ የቅርብ ጎረቤት የሆነው ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ርቆ ይገኛል። ጥቅጥቅ ባለ ክምችት እምብርት ውስጥ ግን እያንዳንዱ ጎን አንድ የብርሃን ዓመት በሆነ ኩብ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ከዋክብት ሊኖሩ ይችላሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከዋክብት ተቀራርበው ይተላለፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ምህዋር ያናጋል፤ አንዳንዴም ብቸኛ የነበረ ኒውትሮን ኮከብ የሌላውን ጓደኛ ቀምቶ አዲስ ጥንድ ይመሠርታል።

ጥንድ ከዋክብት ለክምችቱ ህልውና ወሳኝ ናቸው። ክምችቱ ከዳር ዳሩ ከዋክብትን እያመለጡት ሲሄዱ እምብርቱ ቀስ በቀስ እየተጨማደደ ይመጣል። ይህ መጨማደድ ገደብ የሚያገኘው፣ ጥንድ ከዋክብት በአጠገባቸው ለሚያልፉ ከዋክብት ከምህዋራቸው ኢነርጂ ሲያካፍሉ ነው። በሌላ አነጋገር ጥንድ ከዋክብት የክምችቱ ማገዶ ናቸው፤ እነርሱ እስካሉ ድረስ እምብርቱ ሙቀቱን ጠብቆ ይቆያል። ስለዚህ የተቀራረቡ ጥንዶችን ቁጥርና ዓይነት ማወቅ የክምችቱን ያለፈ ታሪክና የወደፊት ዕጣ ከማወቅ ጋር የተያያዘ ነው። በሚታይ ብርሃን እነዚህን ጥንዶች ከመቶ ሺህ ተራ ከዋክብት መካከል ነቅሶ ማውጣት እጅግ አድካሚ ነው። በኤክስ ጨረር ግን ተራዎቹ ከዋክብት ከሞላ ጎደል ይጠፉና ጥንዶቹ ብቻቸውን ጎልተው ይታያሉ። የደብዛዛ ምንጮች ጥናት ፋይዳም ከዚህ ይመነጫል።

2. ከኡሁሩ እስከ ቻንድራ

የዚህ ጥናት መነሻ ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር ይገናኛል። ለኤክስ ጨረር አስትሮኖሚ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970 በኬንያ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ከሚገኘው የሳን ማርኮ ማስወንጨፊያ መድረክ ወደ ሕዋ ተላከች። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት ቀን ስለነበር «ኡሁሩ» ተባለች፤ ቃሉ በስዋሂሊ «ነጻነት» ማለት ነው። በኡሁሩና በዘመኗ በነበሩ ሳተላይቶች ምልከታ አንዳንድ ብርቱ የኤክስ ጨረር ምንጮች በሉላዊ ክምችቶች ውስጥ እንደሚገኙ ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ክላርክና ጆናታን ካትዝ በየበኩላቸው አንድ አስገራሚ ነገር አስተዋሉ። ሉላዊ ክምችቶች ከጋላክሲው ከዋክብት የያዙት ከሺህ አንድ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ ኒውትሮን ኮከብ ከቀላል ጓደኛው ቁስ ከሚስብባቸው ብርቱ ምንጮች መካከል ግን አንድ አሥረኛ ያህሉ የሚገኙት በእነርሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ በክምችት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥንድ የመፈጠር ዕድሉ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። በዚያው ዓመት ፋቢያን፣ ፕሪንግልና ሪስ አንድ ኒውትሮን ኮከብ በሌላ ኮከብ አጠገብ ሲያልፍ በሚያስነሣው የማዕበል ጉተታ አማካይነት ኮከቡን ሊያስቀር እንደሚችል አስረዱ። የብርቱ ምንጮች መብዛት በከዋክብት መቀራረብ እንደሚመጣ የሚገልጸው ሐሳብ እንዲህ መሠረት ያዘ።

ደብዛዛዎቹ ምንጮች የተገለጡት እ.ኤ.አ. በ1978 በመጠቀችው በአይንስታይን ሳተላይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ኸርትዝና ጆናታን ግሪንድሌይ ከብርቱዎቹ ምንጮች በመቶዎችና በሺዎች እጥፍ ያነሰ ብሩህነት ያላቸው ሌሎች ምንጮች በክምችቶች ውስጥ መኖራቸውን ዘገቡ። እነርሱ ምንጮቹን በአብዛኛው ቁስ የሚስቡ ነጭ ድንኮች አድርገው ተረጎሟቸው። በተከታዩ ዓመት ፍራንክ ፈርቡንትና ባልደረቦቹ ከደብዛዛዎቹ መካከል ደመቅ የሚሉት ለጊዜው ያረፉ የኒውትሮን ኮከብ ጥንዶች ሊሆኑ እንደሚችሉ አመለከቱ። ዛሬ ካለን ዕውቀት አንጻር ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ድርሻ ነበራቸው።

ክርክሩን ለመፍታት የጎደለው የምስል ጥራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀችው ሮዛት ያነሣችው የ47 ቱካኔ እምብርት ምስል 5 ምንጮችን ብቻ ለይቶ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1999 የመጠቀችው ቻንድራ ግን ግማሽ የቅስት ሰከንድ ያህል ዝርዝር የመለየት አቅም ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገ ምልከታ በዚያው ክምችት ማዕከላዊ ክፍል 108 ምንጮች ተለዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ረዘም ላለ ጊዜ ከተደገመው ምልከታ በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ክሬግ ሃይንኬና ባልደረቦቹ ባወጡት መዝገብ ቁጥሩ ወደ 300 አደገ። የጥራቱ ጥቅም በደብዛዛዎቹ ብቻ አልተወሰነም። ለብዙ ዓመታት እንደ አንድ ምንጭ ሲቆጠር የነበረው የኤም 15 ክምችት ብርቱ ምንጭ፣ በቻንድራ ሲታይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ምንጮች ሆኖ ተገኝቷል።

3. አራቱ ወገኖች

እስካሁን የታወቁት ደብዛዛ ምንጮች በአራት ዋና ዋና ወገኖች ይመደባሉ።

የመጀመሪያው ወገን ያረፉ የኒውትሮን ኮከብ ጥንዶች ናቸው። ብሩህነታቸው በሰከንድ ከ10³² እስከ 10³⁴ ኧርግ ይደርሳል። በእነዚህ ጥንዶች ኒውትሮን ኮከቡ ከጓደኛው ቁስ የሚስበው አልፎ አልፎ ነው። ቁሱ ሲከመርበት የቅርፊቱ ጥልቅ ክፍል ይሞቃል፤ መሳቡ ሲቆምም ያ ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል። የገጽታው ሙቀት አንድ ሚሊዮን ኬልቪን አካባቢ ስለሆነ ጨረሩ ለስላሳ ነው፤ ማለትም ፎቶኖቹ አነስተኛ ኢነርጂ ያላቸው ናቸው። ይህ ወገን ለፊዚክስ ትልቅ ዋጋ አለው። የክምችቱ ርቀት ከሌላ ምንጭ ስለሚታወቅ፣ ከሚደርሰን ጨረር መጠንና ከሙቀቱ ተነሥቶ የኒውትሮን ኮከቡን ራዲየስ መገመት ይቻላል። ራዲየሱ ደግሞ ከአቶም እምብርት የበለጠ የታመቀ ቁስ ምን ጠባይ እንዳለው ይጠቁማል። ሆኖም ውጤቱ ከባቢ አየሩ ሃይድሮጅን ነው ወይስ ሂሊየም በሚለው ታሳቢ ላይ ተመሥርቶ ስለሚለዋወጥ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት።

ሁለተኛው ወገን ካታክሊዝሚክ ተለዋዋጭ ከዋክብት ይባላሉ። በእነዚህ ነጭ ድንክ ከተራ ኮከብ ቁስ ይስባል። ብሩህነታቸው በአብዛኛው በሰከንድ ከ10³⁰ እስከ 10³³ ኧርግ ባለው መካከል ነው። ቁሱ በነጭ ድንኩ ገጽ ላይ ሲወድቅ እጅግ ስለሚሞቅ ጨረራቸው ጠንካራ ነው። በሚታይ ብርሃን ሲታዩ ከተራ ከዋክብት ይልቅ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፤ የሃይድሮጅን ቀይ የጨረር መስመርም ያሳያሉ።

ሦስተኛው ወገን ሚሊሰከንድ ፐልሳሮች ናቸው። እነዚህ ቀድሞ ከጓደኛቸው በሳቡት ቁስ ምክንያት እሽክርክሪታቸው ፈጥኖ፣ አሁን በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚዞሩ አሮጌ ኒውትሮን ከዋክብት ናቸው። በኤክስ ጨረር ብሩህነታቸው በሰከንድ ከ10³⁰ እስከ 10³¹ ኧርግ አካባቢ ሲሆን፣ ጨረሩ በብዙዎቹ ዘንድ ከመግነጢሳዊ ዋልታዎቻቸው ትኩስ ገጽ ይወጣል። የእነርሱ ማንነት በሬዲዮ ሞገድ ስለሚረጋገጥ ከሁሉም የበለጠ አስተማማኝ ስያሜ ያላቸው እነርሱ ናቸው። በ47 ቱካኔ ብቻ ከ40 በላይ የሚታወቁ ሲሆን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተጨመሩት በደቡብ አፍሪካው ሚርካት የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተገኙ ናቸው።

አራተኛው ወገን ንቁ ጥንዶች ናቸው። በእነዚህ ጥንዶች ውስጥ የሞተ ኮከብ የለም። ሁለት ተራ ከዋክብት ተቀራርበው ስለሚዞሩ ስበታቸው እሽክርክሪታቸውን ከምህዋራቸው ጋር ያስተሳስረዋል። በዚህ ምክንያት በፍጥነት ይሽከረከራሉ፤ መግነጢሳዊ መስካቸው ይበረታል፤ በዙሪያቸው ያለው ኮሮናም ከፀሐይ ኮሮና በብዙ ሺህ እጥፍ የደመቀ ይሆናል። ብሩህነታቸው በሰከንድ ከ10²⁹ እስከ 10³¹ ኧርግ ስለሚደርስ ከደብዛዛዎቹ ሁሉ የደበዘዙት እነርሱ ናቸው።

ከእነዚህ በተጨማሪ የክምችቱ አባል ያልሆኑ፣ ነገር ግን በአቅጣጫ የተገጣጠሙ ምንጮች አሉ። በተለይ ከክምችቱ ጀርባ እጅግ ርቀው የሚገኙ ንቁ ጋላክሲዎች ጠንካራ ጨረር ስላላቸው በቀላሉ ከሁለተኛው ወገን ጋር ይምታታሉ።

4. ከፎቶን ቁጥር ወደ ማንነት

የችግሩን ክብደት ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። 47 ቱካኔ ከእኛ ወደ 15,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ይህም 1.4×10²² ሴንቲሜትር ያህል ነው። በዚያ ርቀት ላይ ያለ ምንጭ ብሩህነቱ በሰከንድ 10³⁰ ኧርግ ቢሆን፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈው 4×10⁻¹⁶ ኧርግ በሰከንድ ይሆናል። የአማካይ ፎቶን ኢነርጂ 1.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው ብንል፣ ይህ በካሬ ሴንቲሜትር በሰከንድ 1.7×10⁻⁷ ፎቶን ማለት ነው። ቻንድራ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚህ ኢነርጂ የነበራትን ውጤታማ ስፋት 500 ካሬ ሴንቲሜትር አድርገን ብንወስድ፣ የምናገኘው በሦስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ አንድ ፎቶን ነው። ምልከታው 100,000 ሰከንድ፣ ማለትም 28 ሰዓት ገደማ ቢቆይ፣ ጠቅላላ የሚሰበሰበው 9 ፎቶን አይሞላም።

እንዲህ ያለ ምንጭ ሊገኝ የሚችለው የጀርባ ጨረሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ ነው። አንድ የቅስት ሰከንድ ራዲየስ ባለው ክብ ውስጥ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚጠበቀው የጀርባ ቁጥር ከአንድ ፎቶን ያንሳል። የመሣሪያው ጥራት አምስት የቅስት ሰከንድ ቢሆን ኖሮ ግን ክቡ በስፋት 25 እጥፍ ስለሚያድግ፣ የጀርባው ጨረር ከምንጩ ፎቶኖች በልጦ ምንጩ በውስጡ በሰጠመ ነበር። የምስል ጥራት ምንጮችን አንዱን ከሌላው ለመለየት ብቻ ሳይሆን ከነጭራሹ ለማግኘትም አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ምንጩ ከተገኘ በኋላ የሚቀጥለው እርምጃ የጨረሩን ጥንካሬ መለካት ነው። በተለምዶ ከ0.5 እስከ 1.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያሉትን ፎቶኖች ለስላሳ፣ ከ1.5 እስከ 6 ያሉትን ጠንካራ ብለን ቆጥረን የሁለቱን ንጽጽር እንወስዳለን። ከ9 ፎቶኖች 6ቱ ለስላሳ፣ 3ቱ ጠንካራ ቢሆኑ ንጽጽሩ 2 ይሆናል። ነገር ግን አንድ ፎቶን ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢዛወር ንጽጽሩ ወደ 1.25 ይወርዳል። በ9 ፎቶን ላይ የሚጠበቀው የአጋጣሚ ውጣ ውረድ ደግሞ 3 ያህል ነው። እንግዲህ በዚህ የብሩህነት ደረጃ ላይ ንቁ ጥንድን ከፐልሳር ወይም ከደካማ ካታክሊዝሚክ ተለዋዋጭ በጨረር ጥንካሬ ብቻ መለየት አይቻልም። ብዙ ፎቶን በሚሰጡት ያረፉ የኒውትሮን ኮከብ ጥንዶች ላይ ግን ስልቱ በደንብ ይሠራል፤ ለስላሳና ደማቅ ሆነው ከሌሎቹ ተነጥለው ይቆማሉ።

በመሐል ያለው የሃይድሮጅን ደመናም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደመናው በቅድሚያ የሚውጠው ለስላሳዎቹን ፎቶኖች ስለሆነ፣ ከጋላክሲው ማእከል አቅራቢያ እንዳለው እንደ ተርዛን 5 ባሉ ክምችቶች ውስጥ ለስላሳው ምንጭ ሁሉ ጠንካራ መስሎ ይታያል። የሁለት ክምችቶችን ምንጮች ከማነጻጸር በፊት ይህ ልዩነት መታረም አለበት።

ስለዚህ ማንነትን ለመወሰን ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሐብል ቴሌስኮፕ ምስል ነው። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ በኤክስ ጨረሩ ቦታ ላይ የተገኘው ኮከብ በእርግጥ የጨረሩ ባለቤት ነው ወይስ በአጋጣሚ የተገጣጠመ ነው የሚል ነው። ለምሳሌ ያህል በእምብርቱ ውስጥ በአንድ ካሬ የቅስት ሰከንድ አንድ ኮከብ አለ እንበል። የቦታው ስሕተት ግማሽ የቅስት ሰከንድ ራዲየስ ካለው፣ በክቡ ውስጥ በአጋጣሚ ብቻ 0.8 ኮከብ ይጠበቃል፤ እንግዲህ ተራ ኮከብ መገኘቱ ምንም ማስረጃ አይሆንም። ሰማያዊና ተለዋዋጭ የሆኑት ግን በካሬ የቅስት ሰከንድ 0.005 ብቻ ናቸው ብንል፣ የአጋጣሚው ቁጥር ወደ 0.004 ይወርዳል፤ ለ100 ምንጮች እንኳ የሚጠበቀው የሐሰት ግጥምጥሞሽ ከግማሽ ያንሳል። የቦታው ስሕተት አምስት የቅስት ሰከንድ ቢሆን ኖሮ ግን ከ100 ምንጮች ወደ 39 የሚጠጉ የሐሰት ግጥምጥሞሾች ይጠበቁ ነበር። ከዚህ በመነሣት ማንኛውም ጥናት አስቀድሞ የቻንድራንና የሐብልን ምስሎች በጋራ በሚታወቁ ምንጮች አማካይነት አስተካክሎ ማገጣጠም ይገባዋል።

5. የመቀራረብ ምጣኔና የምንጮች ብዛት

ጥንዶቹ በእርግጥ በከዋክብት መቀራረብ የሚፈጠሩ ከሆነ፣ መቀራረብ በሚበዛበት ክምችት ምንጮቹም ሊበዙ ይገባል። የመቀራረብ ምጣኔን እንዲህ መገመት ይቻላል። በአንድ የተወሰነ ይዘት ውስጥ የሚከሰቱ መቀራረቦች ከእፍግታው ካሬ ጋር ርቱዕ ወደራዊ ናቸው፤ ለመገናኘት ሁለት ከዋክብት ያስፈልጋሉና። በሌላ በኩል ከዋክብቱ ዝግ ብለው ሲሄዱ ስበት እርስ በርስ ለመጠምዘዝ ጊዜ ስለሚያገኝ፣ መቀራረቡ ከፍጥነታቸው ጋር ኢርቱዕ ወደራዊ ነው። ይህ በእምብርቱ ይዘት፣ ማለትም በራዲየሱ ኩብ ይባዛል። ፍጥነቱ ራሱ ከእፍግታው ስኩዌር ሩትና ከራዲየሱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ በመጨረሻ የሚገኘው ምጣኔ ከእፍግታው 1.5 ርቢና ከራዲየሱ ካሬ ጋር ርቱዕ ወደራዊ ይሆናል። ራዲየሳቸው እኩል የሆነ ሁለት ክምችቶች ቢኖሩና አንደኛው በእፍግታ 10 እጥፍ ቢበልጥ፣ የመቀራረብ ምጣኔው 32 እጥፍ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዴቪድ ፑሊና ባልደረቦቹ በቻንድራ የታዩ 12 ክምችቶችን አነጻጽረው፣ የምንጮች ቁጥር ከማንኛውም ሌላ ባሕርይ ይልቅ ከዚህ ምጣኔ ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳዩ። ይህ ውጤት የ1975ቱን ሐሳብ ከብርቱዎቹ ወደ ደብዛዛዎቹ ምንጮች ያሸጋገረ ነው። ኤን.ጂ.ሲ. 6397 የተባለው ክምችት ግን ከሚጠበቀው በላይ ምንጮች ነበሩት። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ፣ ክምችቱ በጋላክሲው ሰሌዳ ውስጥ ደጋግሞ ሲያልፍ ከዳሩ ብዙ ተራ ከዋክብት ተገፈዋል፤ ከባዶቹ ጥንዶች ግን በእምብርቱ ስለሰፈሩ ተርፈዋል የሚል ነው።

ሆኖም ሁሉም ወገኖች በአንድ መንገድ አይፈጠሩም። ለፀሐይ በጣም ቅርብ በሆነው በኤም 4 የመቀራረብ ምጣኔው ዝቅተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሴስ ባሳና ባልደረቦቹ በዚያ 31 ምንጮች ለይተው፣ ማንነታቸው ከተወሰነላቸው መካከል አብዛኞቹ ንቁ ጥንዶች መሆናቸውን አሳይተዋል። ንቁ ጥንዶች ለመፈጠር መቀራረብ አያስፈልጋቸውም፤ ብዙዎቹ ክምችቱ ሲወለድ አብረው የተወለዱ ናቸው። ጥቅጥቅ ያለ እምብርት እንዲያውም ደካማ ጥንዶችን በታትኖ ቁጥራቸውን ሊቀንስ ይችላል። ካታክሊዝሚክ ተለዋዋጮች በሁለቱ መካከል ይቆማሉ፤ ከፊሎቹ አብረው የተወለዱ፣ ከፊሎቹ በመቀራረብ የተገኙ ናቸው። በቅርብ ዓመታት በዝቅተኛ እፍግታ ባላቸው ክምችቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ድርሻ ቀላል አለመሆኑን አጽንተዋል።

ስለዚህ «የምንጮች ቁጥር» የሚለው አንድ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን ደራርቦ ይይዛል። ታሪኮቹን ለመነጠል እያንዳንዱ ምንጭ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው፤ ይህም ወደ ምደባው አስተማማኝነት ይመልሰናል።

6. ስያሜ ሲለወጥ፦ ሁለት ማሳያዎች

በ47 ቱካኔ ከሚገኙት ደማቅ ምንጮች አንዱ ኤክስ 9 ይባላል። ጨረሩ ጠንካራ፣ በሚታይ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊና ተለዋዋጭ ስለሆነ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ካታክሊዝሚክ ተለዋዋጭ ተብሎ ተመዝግቦ ቆይቷል። ከላይ የተዘረዘሩትን መመዘኛዎች በሙሉ ያሟላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ጄምስ ሚለር ጆንስና ባልደረቦቹ ከነጭ ድንክ ጥንድ የማይጠበቅ ብርቱ የሬዲዮ ጨረር ከእርሱ እንደሚወጣ አሳዩ። የሬዲዮውና የኤክስ ጨረሩ ንጽጽር የሚስማማው ጥቁር ጉድጓድ ከሚገኝባቸው ጥንዶች ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አራሽ ባህራሚያንና ባልደረቦቹ ምንጩ በየ28 ደቂቃው የሚደጋገም ለውጥ እንዳለው አገኙ። ይህ የምህዋር ጊዜ ከሆነ፣ ቁስ ለጋሹ ጓደኛ ነጭ ድንክ ነው፤ በኬፕለር ሕግ ሲሰላም የሁለቱ ርቀት ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው ብዙም የማይበልጥ ይሆናል። ማዕከላዊው አካል ጥቁር ጉድጓድ ለመሆኑ የመጨረሻው ማረጋገጫ መጠነ ቁሱን መለካት ቢሆንም፣ የቀድሞው ስያሜ ግን ከእንግዲህ ሊጸና አይችልም።

ሁለተኛው ማሳያ በኤም 28 ክምችት ይገኛል። በዚያ የሚገኝ በሰከንድ ከ250 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር አንድ ሚሊሰከንድ ፐልሳር በሬዲዮ ሞገድ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በድንገት በኤክስ ጨረር ደምቆ፣ ቁስ የሚስብ ኒውትሮን ኮከብ ሆኖ ታየ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የሬዲዮ ምቱ ተመለሰ። በዚህኛው ምንጭ የተለወጠው የተመልካቾች አስተያየት ሳይሆን ምንጩ ራሱ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ወገን ብለን የለየናቸው በአንድ አካል ሕይወት ውስጥ የሚፈራረቁ ሁለት ሁኔታዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ይህ ያመለክታል።

ከሁለቱ ማሳያዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። መዝገብ ላይ የሰፈረ ስያሜ በተሰጠበት ጊዜ ከነበረው ማስረጃ በላይ ክብደት ሊሰጠው አይገባም። የሬዲዮ፣ የሚታይ ብርሃንና የኤክስ ጨረር ምልከታዎች ሲደጋገፉ ብቻ ነው ስያሜው የሚጸናው።

7. ከመዝገብ መረጃ ለሚነሣ አጥኚ

የቻንድራ ምልከታዎች ለባለቤቶቻቸው ከተጠበቁበት ጊዜ በኋላ ለማንኛውም ሰው በነጻ ክፍት ይሆናሉ። መተንተኛ ሶፍትዌሮቹም በነጻ ይገኛሉ። ስለሆነም የራሱ የሕዋ ቴሌስኮፕ በሌለው አገር ያለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዚህ መስክ ተጨባጭ አስተዋጽኦ ማድረግ ይችላል። ለዚህ ሥራ ሦስት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል።

አንደኛ፣ የተለያዩ ዓመታት መረጃዎችን ሲያነጻጽሩ የመሣሪያውን ለውጥ ማሰብ ያስፈልጋል። በቻንድራ ካሜራ ማጣሪያ ላይ ከመጠቀችበት ጊዜ ጀምሮ እየተጠራቀመ የመጣ ስስ ንጣፍ ለስላሳ ፎቶኖችን ይውጣል። በዚህ ምክንያት ያልተለወጠ ምንጭ በኋለኞቹ ዓመታት ደብዝዞና ጠንክሮ ሊታይ ይችላል። በላይኛው ስሌት የተጠቀምንበት ስፋትም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ የሚሠራ ነው። ከ2000 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡት አሮጌ መረጃዎች ዛሬም ተፈላጊ የሆኑት ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ምልከታ የማይታዩ ለውጦች በብዙ ዓመታት መረጃ ውስጥ ተደብቀው ሊገኙ ይችላሉ። እንደ ኤም 28ቱ ፐልሳር ሁኔታቸውን የሚቀያይሩ ምንጮችን ለማግኘት መዝገቡን በዚህ ዓይን መፈተሽ አንዱ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፣ ከኢትዮጵያ ሰማይ አንጻር የክምችቶቹ አቀማመጥ ይለያያል። 47 ቱካኔ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከፍ ባለበት ሰዓት እንኳ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚወጣ ለምድር ቴሌስኮፕ አይመችም። ኤን.ጂ.ሲ. 6397 እስከ 27፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ እስከ 33፣ ኤም 28 ደግሞ እስከ 56 ዲግሪ ይወጣሉ። እንደ እንጦጦው ያለ የአንድ ሜትር ቴሌስኮፕ የእምብርቱን ጥቅጥቅ ከዋክብት አንድ በአንድ ሊለይ አይችልም። ከእምብርቱ ራቅ ብለው ያሉ ደማቅ ተለዋዋጭ ከዋክብትን ለመከታተል ግን ያገለግላል፤ ከኤክስ ጨረር መዝገብ ጋር ሊገናኙ የሚችሉትም እነዚህ ናቸው።

8. ማጠቃለያ

በሉላዊ ክምችቶች ውስጥ ያሉ ደብዛዛ የኤክስ ጨረር ምንጮች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ያረፉ የኒውትሮን ኮከብ ጥንዶች፣ ካታክሊዝሚክ ተለዋዋጮች፣ ሚሊሰከንድ ፐልሳሮችና ንቁ ጥንዶች በአንድ ምስል ላይ ተቀላቅለው ይታያሉ። ደመቅ የሚሉት በጨረራቸው ጥንካሬ ሊለዩ ሲችሉ፣ አሥር ፎቶን የማይሞላቸው ግን ያለ ሁለተኛ ምስክር ሊለዩ አይችሉም። የምንጮች ቁጥር ከመቀራረብ ምጣኔ ጋር መያያዙ የጸና ውጤት ቢሆንም፣ የንቁ ጥንዶችና የከፊል ካታክሊዝሚክ ተለዋዋጮች መገኛ ከክምችቱ ልደት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። ኤክስ 9ና የኤም 28 ፐልሳር እንዳሳዩት፣ ስያሜዎች በአዲስ ማስረጃም ሆነ በምንጩ ጠባይ መለወጥ ሊሻሩ ይችላሉ። ከዚህ የተነሣ ወደፊት የሚወጡ መዝገቦች ለእያንዳንዱ ምንጭ ከስያሜው ጎን የተመሠረተበትን ማስረጃ ዓይነትና የአጋጣሚ ግጥምጥሞሽ ዕድሉን ቢያሰፍሩ፣ ስለ ክምችቶቹ ማገዶ የምናቀርበው ስሌት ይበልጥ ተአማኒ ይሆናል።